ለመተዋወቂያ የሚሆነው ፎቶግራፍ የትኛው ነው?

በቀድሞው ጊዜ ትዳር የፈለገ ሰው በቅድሚያ ሽማግሌ ይልክ ነበር። ሽማግሌዎቹም የልጅቱን ዘር ማንዘር አጣርተው፣ ሰባት ቤት ቆጥረው፣ ጠባይዋንና ባልትናዋን ከጎረቤት ጠይቀው ነበር ወደ ጉዳዩ የሚገቡት። መልኳ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ በመጨረሻ ነው። ከዚያም ልጆቻችን ወደ ውጭ አገር መሄድ ሲጀምሩ ፎቶግራፍ መላላክ መጣ። ከአሜሪካ ወይም ከጣሊያን «ሚስት ፈልጉልኝ» የሚል ደብዳቤ ይደርሳል፤ ከዚህም የልጅቱ ፎቶግራፍ በፖስታ ታሽጎ በመንገደኛ እጅ ይላካል። ያን ጊዜም ቢሆን ግን በፎቶግራፉና በተመልካቹ መካከል አንድ አክስት ወይም አጎት መኖሩ አልቀረም። «ፎቶው ላይ አጠር ብላ ትታያለች እንጂ መለሎ ናት» የሚል አስረጂ አይጠፋም ነበር።

ዛሬ ያ አስረጂ የለም። በቴሌግራም የትዳር ፈላጊዎች ቻናል፣ በፌስቡክ፣ እንዲሁም ቲንደርን በመሳሰሉት የመተዋወቂያ አፖች ላይ ፎቶግራፉ ብቻውን ቆሞ ይናገራል። ተመልካቹም በአውራ ጣቱ እየገፋ ያልፈዋል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጃኒን ዊሊስና አሌክሳንደር ቶዶሮቭ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ሰው የማያውቀውን ፊት አይቶ «ይህ የሚታመን ነው፣ ይህ አይደለም» የሚል ግምት ለመያዝ የአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ እንደሚበቃው አሳይተዋል። ተጨማሪ ጊዜ ሲሰጠው በግምቱ ላይ ያለው እርግጠኝነት ይጨምራል እንጂ ግምቱ ራሱ እምብዛም አይለወጥም። ግምቱ ትክክል ነው ማለት ግን አይደለም። ያም ሆኖ በር የሚከፈተውም ሆነ የሚዘጋው በዚያች ቅጽበት ነውና የትኛው ፎቶግራፍ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ቀላል ተደርጎ የሚታይ አይሆንም።

«ይህ የወጣቶች ጨዋታ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የምትሉ እናቶች ትኖሩ ይሆናል። በከተማችን በሐዋሳ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሐምሌ 2008 ዓ.ም ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማ፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች ብዙ ወጣት ሴቶች ለሥራ መጥተዋል። ቀኑን በመኪና ስፌት ላይ፣ ምሽቱን በኪራይ ቤት የምታሳልፍ ልጅ ከማን ጋር ትተዋወቅ? ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው፤ ሽማግሌ የሚልክም በአጠገቧ የለም። ከዚህም ሌላ ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች፣ ልጅ የምታሳድግ፣ አርባ ዓመት የተጠጋች እህታችንም በዚሁ መንገድ ጓደኛ ትፈልጋለች፤ ደፍራ አታወራውም እንጂ። እኔ በበኩሌ በዚህ መንገድ ትዳር መፈለግን አልነቅፍም። የማልወደው ሰው ሳያስብበት የሚለጥፈውን ፎቶግራፍ ነው።

ባለፈው ሰሞን ከአንዲት የፓርኩ የስፌት ሠራተኛ ጋር ስለዚሁ ጉዳይ ተጫውተን ነበር። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው ክፍል ቡናው እስኪፈላ ከስልኳ አሥራ አራት ፎቶግራፎች አሳየችኝ። እርሷ የመረጠችው በፊልተር የተሠራውን ነው። ቆዳዋ እንደ አዲስ ሸክላ ለስልሷል፤ መልኳ ከራሷ እጅግ ቀልቷል፤ ዓይኖቿ ሰፍተዋል፤ ግንባሯ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ደብዛዋ የለም። ጓደኞቿ ግን በአንድ ድምፅ ሌላ መረጡ፤ ባጃጅ ስትጠብቅ ሳታውቅ የተነሳችውን፣ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ስትስቅ የምትታይበትን። «ይኼ እኮ አንቺ ነሽ! ያቺን ማን እንደሆነች አናውቃትም» አለቻት አንደኛዋ። እርሷ ግን «ጥርሴ በዛ» ብላ እምቢ አለች።

ከጓደኞቿ ጋር መስማማቴን አልደበቅኋትም። ሐሳባችን የወዳጅነት ብቻ እንዳልሆነም የሚያሳይ ጥናት አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ዋይትና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ 102 ተማሪዎችን እያንዳንዳቸው ከ12 የራሳቸው ፎቶግራፎች መካከል ለመገለጫ የሚሆነውን እንዲመርጡ አደረጉ። ከዚያም የማያውቋቸው ሰዎች ከእነዚያው ፎቶግራፎች መረጡላቸው። የሌሎች ምርጫ ከባለቤቶቹ ምርጫ ይልቅ በተመልካች ዘንድ የተሻለ ግምት አገኘ። ምክንያቱ ሩቅ አይመስለኝም። እኛ ራሳችንን የምናውቀው በመስታወት ነው፤ ፎቶግራፍ ስናይ ዓይናችን የሚሮጠው ወደምንጠላው ወደ አፍንጫችን ወይም ወደ ጥርሳችን ነው፤ ሌላው ሰው ግን ሙሉውን ሰው ያያል። ስለዚህ ስምንት ወይም አሥር ያህል ፎቶግራፍ ለዩና ብዙም ለማያውቃችሁ አንድ የሥራ ባልደረባ አሳዩ። እናታችሁ አትሁን፤ ለእናት ሁሉም ያምራል።

ፊልተርን በሚመለከት ልጅቱን የጠየቅኋት አንድ ጥያቄ ነበር። ከሰውየው ጋር ፍቅር ሐይቅ ላይ ብትቀጣጠሩ፣ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ስልክ ሳይደውል ለይቶ ወደ አንቺ ይመጣል ወይ? ይህንን ፈተና የማያልፍ ፎቶግራፍ ምንም ቢያምር ጥቅሙ አጭር ነው። ሰውየው ያቺን የቀላችውን ልጅ ፈልጎ መጥቶ ጠይሟን ሲያገኝ፣ ጠይሟ ምንም ያህል የደስደስ ያላት ብትሆን፣ የመጀመሪያ ስሜቱ መታለል ይሆናል። ያለ ጥፋቷ ከራሷ ፎቶግራፍ ጋር ተወዳድራ ተሸነፈች ማለት ነው። ፎቶግራፉ የቆየ ሲሆንም እንዲሁ ነው። ለዓመታት ብዙ ሰው ሲሞላው የኖረው የዲቪ ቅጽ እንኳ ከስድስት ወር ወዲህ የተነሱትን ፎቶግራፍ ይጠይቅ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አሜሪካ ለመሄድ ያን ያህል ከተጠነቀቅን ለትዳር ብንጠነቀቅ አይበዛም። ከወሊድ በፊት የነበረውን ወገብ ወይም ከአምስት ዓመት በፊት የነበረውን ፀጉር ለትዝታ አልበም እንተወው።

ወንዶቹም ከዚህ አያመልጡም። በድሮ ፎቶ ቤት አውሮፕላን ወይም መኪና በተሳለበት መጋረጃ ፊት ቆሞ መነሳት የታወቀ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ተመልካቹ ሁሉ ሥዕል መሆኑን ያውቃል። ዛሬ መንገድ ዳር በቆመ የሰው መኪና ላይ ተደግፎ የተነሳው ሰው ግን «መኪናው የኔ ነው» ባይልም እንዲባልለት ይፈልጋል። እህቶች፣ መኪናውን ትታችሁ ፊቱን እዩ።

ሌላው ልማዳችን ካሜራ ፊት መኮሳተር ነው። ለመታወቂያና ለፓስፖርት ጉርድ ፎቶግራፍ ስንነሳ «ቀጥ በሉ፣ አትሳቁ» እየተባልን ስላደግን፣ ማንኛውም ካሜራ ሲያይብን ፊታችን ለቀበሌ ጉዳይ እንደቀረበ ይሆናል። ጉርድ ፎቶግራፍ ለመታወቂያ ነው። ለመተዋወቂያ ግን ከደረት በላይ የሚያሳይ፣ ዓይን የሚታይበት፣ ፊት ላይ ጨዋታ ያለበት ይሻላል። መነጽር፣ ኮፍያ ወይም ግማሽ ፊት የሸፈነ ስልክ የሌለበት ይሁን። ሳቅ ያልለመደበት ሰው በግድ አይሳቅ፤ የሚያነሳው ወዳጁ ቀልድ እየነገረው ደጋግሞ ቢያነሳው ከአሥሩ አንዱ ይወጣል።

ስለ ብርሃን ጥቂት እንበል፤ የብዙዎቻችን ፎቶግራፍ የሚበላሸው በዚህ ነውና። የሀበሻ ቀሚስ ለብሳ ስትነሳ ፊቷ የጠቆረባት አንባቢ «መልኬ ለፎቶ አይሆንም» ስትል ትሰማለች። ጥፋቱ የመልኳ አይደለም። የስልክ ካሜራ የብርሃኑን መጠን በራሱ ይለካል፤ ከፊቱ ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ሁሉንም ያደበዝዛል። ቀሚሱ አምሮ ሲወጣ ፊት የሚጠቁረው ስለዚህ ነው። ነጭ ግድግዳ ተደግፎ መነሳትም ያንኑ ያመጣል። መፍትሔው በስልኩ መስታወት ላይ ፊት ያለበትን ቦታ በጣት መንካት ነው፤ ካሜራው ያን ጊዜ የሚለካው ፊትን ይሆናል። በብዙ ስልኮች ላይ ጣት ከተነካበት አጠገብ የምትታየውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ መግፋትም ያደምቃል። እንዲህ ከተደረገ መልክን የሚያቀላ ፊልተር ጭራሽ አያስፈልግም፤ ጠይም መልክ ብርሃን ሲያገኝ የራሱ ወዝ አለው።

የሐዋሳ ልጅ ሆኖ ሐይቅ ዳር ያልተነሳ የለም። ነገር ግን አብዛኛው ሰው የሚሄደው ሲመሽ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ለመነሳት ነው። ሐይቁ ከከተማው በስተ ምዕራብ ስለሆነ፣ ማታ ሐይቁን ከኋላ አድርጎ የቆመ ሰው ፀሐይዋንም ከኋላው አድርጓል። ውኃው ወርቅ ይመስላል፤ ሰውየው ጥላ ሆኖ ይቀራል። ለሳሎን ግድግዳ የሚያምር ሥዕል ነው፤ ለመተዋወቂያ ግን ፊት የሌለው ሰው ምን ይጠቅማል? ጠዋት አንድ ሰዓትና ሁለት ሰዓት ላይ ብትሄዱ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፀሐይዋ ከከተማው በኩል ወጥታ ለስለስ ብላ ፊታችሁ ላይ ታርፋለች፤ ሐይቁም ከኋላችሁ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል። አሞራ ገደል ዓሣ አጥማጆች ገበያቸውን የሚያደሩበት ሰዓትም ይኸው ስለሆነ፣ ለሚያውቅበት ሕይወት ያለው ፎቶግራፍ ይወጣል። ቀትር ላይ ግን አትነሱ። ፀሐይዋ ከአናት ስለምትወርድ ዓይን ሥር ጥላ ትጥላለች፤ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላትን ልጅ እንኳ ሌሊቱን ያልተኛች ታስመስላለች። ቤት ውስጥ ለሚነሳ ሰው ከመስኮት ወይም ከተከፈተ በር ፊት ለፊት መቀመጥ ከአምፖል ይሻላል።

ራስን በራስ ማንሳት፣ ማለትም ሰልፊ፣ አንድ የታወቀ ጉድለት አለው። በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የወጣ የሐኪሞች ስሌት፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት የተነሳ ፊት ላይ አፍንጫ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ ከተነሳው ጋር ሲነጻጸር 30 በመቶ ገደማ ሰፍቶ እንደሚታይ አመልክቷል። ስሌቱን ያወጡት ሐኪሞች፣ ሰዎች ሰልፊያቸውን እያዩ አፍንጫቸውን ለማሳነስ ወደ ቀዶ ሕክምና መምጣታቸው አሳስቧቸው ነበር። ስለዚህ ስልኩን ለጎረቤት ልጅ ስጡና ሁለት እርምጃ ያህል ርቆ ያንሳችሁ። አንድ ሙሉ ቁመት የሚያሳይ ፎቶግራፍም ጨምሩበት፤ ያን ጊዜ «መለሎ ናት» የሚል አክስት አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ከውበቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ፎቶግራፍ የሚያሳየው እኛን ብቻ አይደለም፤ ከኋላችን ያለውንም ያሳያል። ያቺ የስፌት ሠራተኛ ካሳየችኝ አሥራ አራት ፎቶግራፎች መካከል በሦስቱ ላይ የፋብሪካው መታወቂያ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ከፍ አድርጎ ላየው ስሟ፣ የሥራ ክፍሏና የድርጅቱ ስም ይነበባል። በአንዱ ላይ ደግሞ የተከራየችበት ግቢ በር ከነቁጥሩ ወጥቷል። አንድ የማታውቀው ሰው ማታ ከሥራ ስትወጣ የት እንደሚጠብቃት በገዛ እጇ ነገረችው ማለት ነው። መታወቂያ፣ የደንብ ልብስ፣ የቤት በር፣ የመኪና ሰሌዳ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የምስክር ወረቀት፣ እነዚህ ሁሉ ከፎቶግራፉ ይውጡ።

ልጅ ያላችሁ እናቶች ሆይ፣ የልጆቻችሁን ፎቶግራፍ በመተዋወቂያ ገጽ ላይ አታውጡ። ልጅ እንዳላችሁ መግለጽ ተገቢ ነው፤ እውነት ነውና፣ በኋላ ከሚመጣ ጭቅጭቅም ያድናል። ይህን ግን በጽሑፍ መናገር ይበቃል። በትምህርት ቤት ዩኒፎርም የተነሳ ልጅ የት እንደሚውል ለሁሉ ታውጆለታል። ልጁም ፈቃዱን አልተጠየቀም።

ከዚህም ሌላ በዓይን የማይታይ ነገር አለ። በስልክ የተነሳ ፎቶግራፍ የተነሳበትን ቦታ በውስጡ መዝግቦ ሊይዝ ይችላል። በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ሲላክ ይህ መረጃ ይወጣለታል፤ ጥራቱ እንዳይቀንስ ተብሎ «ፋይል» ሆኖ ሲላክ ግን አብሮ ሊሄድ ይችላል። ከስልኩ የካሜራ ማስተካከያ ውስጥ የቦታ ምዝገባውን ማጥፋት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። እናት ካልቻለች ልጅ ያጥፋላት።

የጓደኞች ፎቶግራፍስ? በሠርግ ላይ አምስት ሚዜዎች አንድ ዓይነት ቀሚስ ለብሰው የተነሱትን ያወጣች ልጅ፣ ተመልካቹ ከአምስቱ የትኛዋ እንደሆነች አያውቅም፤ ምናልባትም የፈለገው አራተኛዋን ይሆናል። ይህ ለሳቅ ነው። ቁም ነገሩ ግን የአራቱ ሴቶች መብት ነው። ከመካከላቸው ባል ያላት፣ እጮኛ ያላት ትኖራለች። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27፣ የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንም ሆነ መሸጥን ይከለክላል፤ ባለቤቱም እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል። ቴሌግራም በማይታሰብበት ዘመን የተጻፈ ሕግ ዛሬ እንዲህ ለኪሳችን መቅረቡ ያስገርማል።

ትውውቁ ጥቂት ቀናት እንደቀጠለ «ሌላ ፎቶ ላኪልኝ» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ ቀስ በቀስም ልብስ የሚያስቀንስ ጥያቄ ይሆናል። አትላኩ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው «ገንዘብ ካላክሽ ለወንድሞችሽ እልከዋለሁ» የሚል ዛቻ ሊሆን ይችላል። ይህ ወንጀል ነው። በ2008 ዓ.ም የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 13፣ ጽሑፍ፣ ድምፅ ወይም ምስል በማሰራጨት ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት ያስፈራራ ሰው እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆንም እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። የዛቻውን መልእክት አታጥፉት፤ ለፖሊስ ማስረጃ ይሆናል። ገንዘብም አትላኩ፤ የከፈለ ሰው ደግሞ ይጠየቃል እንጂ አይለቀቅም። ከ2021 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ «ስቶፕ ኤንሲአይአይ» የተባለ ነፃ አገልግሎት አለ። ዕድሜዋ ከ18 በላይ የሆነ ሰው ምስሉን ለማንም ሳታሳይ ከስልኳ ላይ አሻራውን ብቻ ትሰጣለች፤ ፌስቡክንና ኢንስታግራምን የመሳሰሉ ተባባሪ ድርጅቶችም ያ ምስል በገጻቸው እንዳይወጣ በአሻራው ለይተው ያግዳሉ።

እዚህ ላይ እናቶችን አንድ ነገር እለምናለሁ። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ዛቻ ደርሶባት እያለቀሰች ብትመጣ በመጀመሪያ «ማን ላኪ አለሽ?» አትበሏት። አስፈራሪው ኃይል የሚያገኘው ከእናንተ ቁጣ ነው፤ ልጅቱ ገንዘብ የምትልከው እናቷ እንዳትሰማ ነውና። ቡና አፍሉላት፣ አጠገቧ ተቀመጡ፣ ከዚያ አብራችሁ ወደ ፖሊስ ሂዱ። ቁጣው ካስፈለገ በኋላም ይደርሳል።

የራሳችሁን ፎቶግራፍ እንዲህ ከመረመራችሁ የእርሱንም መርምሩ። በጎግል የምስል ፍለጋ ላይ የሰውየውን ፎቶግራፍ ስታስገቡ ያው ፊት በሌላ ስም፣ በሌላ አገር ከወጣ ነገሩ ግልጽ ነው። ምንም አለመገኘቱ ግን ሰውየው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም፤ በአሁኑ ጊዜ ኮምፒውተር በዓለም የሌለ ሰው ፊት መሥራት ይችላል። ስለዚህ ከመገናኘት በፊት በቪዲዮ መነጋገር ይጠቅማል። ደጋግሞ «ካሜራዬ ተበላሽቷል» የሚል ሰው ካሜራው እስኪጠገን ይቆይ። የመጀመሪያው ቀጠሮም በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቦታ ይሁን፤ የት እንደሄዳችሁም አንድ ሰው ይወቅ።

ብዛቱን በሚመለከት ሦስት ወይም አራት ፎቶግራፍ ይበቃል። አንዱ ፊት፣ አንዱ ሙሉ ቁመት፣ አንዱ ደግሞ የምትወዱትን ነገር ስትሠሩ፤ ምግብ ስትሠሩም ሆነ መጽሐፍ ስታነቡ። አራተኛው ካለ የበዓል ልብስ ይሁን፤ ለፍቼ ጨምበላላ ለብሳችሁ የተነሳችሁት ከሆነ ደግሞ ከየት እንደሆናችሁ ያለ ጽሑፍ ይናገራል። ሃያ ፎቶግራፍ የለጠፈች ሴት የምትመዘነው ደካማ በሆነው በአንዱ ነው።

ያቺ የስፌት ሠራተኛ በመጨረሻ ባጃጅ የምትጠብቅበትን ፎቶግራፍ አስቀመጠች፤ ጥርሷ እንደበዛ ነው። መታወቂያ ያለባቸውን ሦስቱን ግን እኔ ሳልወጣ አጠፋቻቸው። ለእርሷ ያልነገርኋትን እዚህ ልጨምር። ጓደኛ ያገኘ ወይም መፈለጉን የተወ ሰው አፑን ከስልኩ ላይ ስላጠፋ ፎቶግራፉ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ገጹ እዚያው ቆሞ ለሌሎች ሊታይ ይችላል። በቅድሚያ በአፑ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ «አካውንት አጥፋ» የሚለውን መምረጥ፣ በቴሌግራም ቻናል የወጣ ከሆነም አስተዳዳሪውን ጽፎ ማስነሳት፣ ከዚያ በኋላ አፑን ማጥፋት ነው።